መኪናዬን 55 ቀን ጾምኳት

የሸጥኳት ሰኔ 2017 ነው። ብርማ ቪትዝ ነበረች፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ አብረን ቆይተናል። ዛሬም ድረስ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "መኪናሽን የት አቆምሽ?" ይለኛል። "ሸጥኳት" ስለው ፊቱ ይለወጣል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምነው፣ በሰላም?" ይላል። ቤታችን የታመመ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። በሰላም ነው። ሒሳብ ሠርቼ ነው የሸጥኳት።

ሒሳብ እንጀራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ገቢና ወጪ ሳመሳክር እውላለሁ። የራሴን መኪና ወጪ ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ አንድም ቀን ደምሬው አላውቅም ነበር። ፈርቼ ይመስለኛል።

መኪና ለመግዛት ዕቁብ እየጣላችሁ ያላችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ "ደሞዜን ምን እየበላው ነው?" የምትሉ ካላችሁ፣ የእኔ ነገር እነሆ። የእናንተ መንገድ ሌላ፣ ቤተሰባችሁም ሌላ ነው። ቁጥሩን ትታችሁ አቆጣጠሩን ውሰዱ።

የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ሜክሲኮ። ባለቤቴ ሥራው እዚያው አያት ሰፈራችን አካባቢ ስለሆነ በእግሩ ነው የሚሄደው። ልጃችን ሲኤምሲ ይማራል። መኪናዋን የገዛናት ጥር 2013 በ640 ሺህ ብር ነው። 200 ሺው የዕቁብ፣ 240 ሺው የባለቤቴ ጥሪት፣ የቀረው 200 ሺህ ደግሞ ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደርኩት። በዚያ ላይ የደላላ ሁለት ፐርሰንት አለ።

ለምን ቸኮልን? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ የካቲት 2012፣ አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጥቶ አሮጌ መኪና ማስገባት እሳት ሆኖ ነበር። ቢሮ ውስጥ ወሬው ሁሉ "አሁን ካልገዛሽ መቼም አትገዢም" ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኛም ታጠቅን። ሻጩን የጠየቅኩት ጥያቄ ትዝ ይለኛል። አንድ ብቻ ነበር፦ "በሊትር ስንት ትሄዳለች?"

ያኔ ቤንዚን ሃያ ምናምን ብር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2014 መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። መስከረም 2017 ማብቂያ ላይ 91 ብር ከ14 ሆነ። ታኅሣሥ ሳያልቅ 101 ብር ከ47። ከዚያም አልቆመም። በየጊዜው ማታ ዜና ላይ ዋጋው ሲነገር ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ያያል። እኔ ቴሌቪዥኑን አያለሁ።

ግን ማልቀስ የነበረብኝ ለቤንዚኑ ብቻ አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ደብተር ከያዝኩ በኋላ ነው።

ለ2016 እንቁጣጣሽ ልጄ ለትምህርት ቤት ከተገዛለት ደብተር አንዱን ቀማሁትና የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሕጉ ቀላል ነው፤ በመኪናዋ ምክንያት ከእጄ የወጣ ብር ሁሉ፣ 10 ብርም ብትሆን ይጻፋል። ነዳጁ ራሱን በራሱ ይጽፍ ነበር ማለት ይቻላል። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በጥሬ ብር መቅዳት ስለቀረ ቴሌብር ላይ ያለፈውን ሁሉ አገኘዋለሁ። እናንተም ደብተር መያዝ ከሰለቻችሁ ከዚያ ጀምሩ። የሦስት ወሩን ብቻ አውጥታችሁ ደምሩት፤ መጀመሪያ የምትደነግጡት እዚያ ላይ ነው።

በወር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የምነዳው። አብዛኛው ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ነው። ቪትዟ በከተማው መጨናነቅ በሊትር 11 ተኩል ትሄድልኝ ነበር፤ ሻጩ 16 ብሎኝ ነበር፣ ይቅር ይበለው። በወር 78 ሊትር ማለት ነው። በ2016 አማካይ ዋጋ፣ 80 ብር ብላችሁ ያዙት፣ የወሩ 6,240 ብር፣ የዓመቱ 74,880 ብር። ይህን ቀድሞም እገምተው ነበር። ሰው "መኪናሽ በወር ስንት ታስወጣሻለች?" ሲለኝ "ስድስት ሺህ ምናምን" እል ነበር። ባሌም እንደዚያ ነበር የሚያውቀው።

ነሐሴ ሲያልቅ ደብተሩን ደመርኩት። ከቤንዚን ውጭ ያለው 104,000 ብር ሆነ።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ስህተት የለውም።

ከየት መጣ? ሙሉ ኢንሹራንሱ 24 ሺህ ነበር፤ ይሄ በአንዴ ስለሚከፈል ይታወሳል። የማይታወሰው ሌላው ነው። ሜክሲኮ ያለው የመኪና ማቆሚያ በወር አንድ ሺህ። ለኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ በወር 300። እጥበት በሳምንት 150፣ ክረምት ላይ እንኳ ለምን እንደማሳጥብ ራሴም አላውቅም። ሁለቴ ዘይትና ፊልትሮ 9 ሺህ። ጎማውና ባትሪው ደግሞ አታላዮች ናቸው። ባልተገዙበት ዓመት "ዘንድሮስ ምንም አላስወጣችኝም" ትላላችሁ፤ ግን በየቀኑ እያለቁ ነው። እኔ አራቱን ጎማ በ26 ሺህ ገዝቼ ለሦስት ዓመት አካፈልኩት፤ ባትሪውንም እንደዚሁ። ቦሎና ምርመራ፣ አንድ ሁለት ቅጣት፣ ከዚያ ደግሞ ጋራዥ።

ጋራዡን ቆም ብዬ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ከፊት በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። መካኒኬ፣ ጋሼ የምለው ትልቅ ሰው ነው፣ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሲወጣ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ዘይት ነክቶታል። "አሞርዛተሯ አልቅሳለች" አለኝ፤ ጉድጓድ ሲነካ ንዝረቱን የሚያበርደው ዕቃ ዘይት አፍስሷል ማለቱ ነው። አብረን መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንዱ ኦርጅናል፣ በካርቶኑ። አንዱ "ታይዋን ነው፣ ግን ጥሩ ታይዋን" የተባለለት። አንዱ ከሌላ መኪና የተፈታ፣ አቧራው ገና ያልተጠረገ። የኦርጅናሉ ዋጋ የታይዋኑን ሦስት እጥፍ ነበር። ጋሼ የተፈታውን አንስቶ ቀጥ አድርጎ አቆመውና ዘንጉን ወደ ታች ተጫነው። ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ተጫነው። "ይሄን ውሰጂ። የአሮጌ ኦርጅናል ከአዲስ ታይዋን ይሻላል" አለኝ። ሁለቱን 11 ሺህ ገዛሁ። የፍሬን ሸራም አልቆ ስለነበር ከነእጅ ዋጋው ሌላ 7 ሺህ ጨመርኩ። በአንድ ቅዳሜ 18 ሺህ ብር። ደሞዜ 24 ሺህ ነበር።

በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ባጃጅ ጎኔን ፍቆኝ፣ ስፖኪዮዬን ይዞ ሄደ። ላሜራና ቀለም ከነስፖኪዮው 14 ሺህ። ኢንሹራንስ እያለሽ ለምን ከኪስሽ? ትሉኝ ይሆናል። ተቀናሹን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ለእኔ የሚተወውን ድርሻ፣ እና ካሳ በመጠየቄ በሚቀጥለው ዓመት የማጣውን ቅናሽ ስደምረው ካሳ መጠየቁ አያዋጣኝም ነበር። ትንንሹን ጭረት ራሳችሁ ነው የምትከፍሉት፤ ይህን ስትገዙ ማንም አይነግራችሁም።

እንግዲህ ጠቅላላው 178,880 ብር። በወር ወደ 15 ሺህ ይጠጋል። ለነዳሁት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 16 ብር ተኩል ማለት ነው። ቤንዚኑ ከዚህ ውስጥ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

በዚህ ላይ ደብተሩ ውስጥ የማይጻፍ አለ። 640 ሺው ባንክ ቢቀመጥ በ7 ፐርሰንት ወለድ በዓመት 44,800 ያመጣ ነበር። ከማኅበሩ የተበደርኩትም ወለዱ ነበረው። እሱንም ተዉት።

የቅዳሜውስ ጉዳይ? መኪና ያለው ሰው ቅዳሜ የለውም። ሠርግ ሲኖር ሚዜ ማመላለስ፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ድረስ እትዬዎችን ማድረስ፣ ማኅበር ሲኖር እንስራ መጫን። ጠላ የኋላ ወንበር ላይ ፈስሶብኝ ያውቃል፤ ሽታው እስከ ጥምቀት አልለቀቀም። ሁለት የሰፈር ልጆች ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ሜክሲኮ ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ "ነዳጅ እንካፈላለን" ተባብለን ነበር። አንድ ወር ተካፈልን። በሁለተኛው ወር "እግዜር ይስጥልን" ሆነ። ጠይቄ አላውቅም። እናንተስ ትጠይቃላችሁ?

አንድ ክርክር ግን ሁልጊዜ ያሸንፈኝ ነበር። "መኪና እኮ ገንዘብ ነው። በእኛ አገር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።" እውነት ነው። በ640 ሺህ የገዛኋትን በ1 ሚሊዮን 480 ሺህ ነው የሸጥኳት። ውጭ አገር ላለችው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ እሷ ዘንድ መኪና ከሱቅ በወጣበት ቀን ነው መርከስ የሚጀምረው።

ግን በሌላ ሚዛን ስመዝነው እንዲህ ሆነ። ስገዛ ዶላሩ በባንክ 40 ብር ገደማ ነበር። 16 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ በሸጥኩበት ሰሞን ከ130 ብር በላይ ነበር። 11 ሺህ ዶላር ገደማ። መኪናዋ አልጨመረችም፤ ብሩ ነው የቀነሰው። እሺ፣ ባንክ ካስቀመጥኩት ግን ትሻላለች፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን የጨመረው እኔ ስለነዳኋት አይደለም። ሸራ ለብሳ ብትቆምም ትጨምር ነበር። እንዲያውም ሳትነዳ ብትቆም የበለጠ ታወጣ ነበር! ንብረትነቷና መጓጓዣነቷ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ናቸው። ሰው የአንዱን ትርፍ እየቆጠረ የሌላውን ኪሳራ ይረሳል። እኔም ስረሳ ኖሬያለሁ።

ቢሆንም ዝም ብዬ መሸጥ ፈራሁ። ምክንያቱም መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ከሸጣችሁ በኋላ "ተሳስቻለሁ፣ ልመልሳት" ማለት የለም። ጥር 2016 ላይ በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተብሏል፤ ያሉት ውድ ናቸው። ስለዚህ ለ2017 ዐቢይ ጾም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጾሙ የካቲት 17 ይገባል። 55 ቀን። ሥጋና ወተቱን እንደጾምኩ መኪናዋንም እጾማታለሁ።

ለባለቤቴ ስነግረው "ቁልፉን ለንስሐ አባትሽ ስጪያቸው" ብሎ ቀለደብኝ። ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አያት ታክሲ ተራ ሰልፍ ላይ ነኝ። ሰልፉ ይጠመዘዛል። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሰልፍ በመስኮት እያየሁ ነበር የማልፈው። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው!" ይላል። ለሦስት በተሠራው ወንበር አራተኛ ሆኜ ግማሽ ጎኔን አስቀመጥኩ። የቀረው ግማሽ አየር ላይ ነው። ከጎኔ ያሉት እናት ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው "ነይ ልጄ፣ ተደገፊኝ" አሉኝ። መገናኛ ወረድኩ። ከመገናኛ ሜክሲኮ ሌላ ሰልፍ። ቢሮ ስደርስ ጫማዬ በሰው እግር ነጭ ሆኗል።

በሁለተኛው ሳምንት ብልጥ ሆንኩ። ቀላል ባቡሩን ያዝኩ። ለእኔ የተሠራ መስመር እኮ ነው፤ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በመገናኛ፣ በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮን አልፎ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። በ2008 ሥራ ሲጀምር አንድ ሰሞን ተጠቅሜበት ነበር፤ መኪና ስገዛ ረሳሁት። አያት የመጀመሪያው ፌርማታ ስለሆነ መቀመጫ ይገኛል፤ ማለዳ ከወጣሁ ማለቴ ነው። ሲኤምሲ ላይ ሰው ይሞላል፣ ጉርድ ሾላ ላይ የሚገቡት በሩ ላይ ተለጥፈው ነው። ማታ ከሜክሲኮ ስመለስ ግን መቀመጥ ቀርቶ መቆሚያ ማግኘትም ዕድል ነው። ስለዚህ ጠዋት ባቡር፣ ማታ እንደሁኔታው። ቦርሳዬን ወደፊት ማንጠልጠል ተማርኩ። ስልኬን ከጃኬቴ የውስጥ ኪስ አላወጣም።

ሰዓቱንም ጻፍኩ። በመኪና ጠዋት በአማካይ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። በታክሲ ከነሰልፉ 1 ሰዓት ከ35። በባቡር ከነጥበቃው 1 ሰዓት ከ5። አዎ፣ ከመኪናዋ ይፈጥናል፤ መብራት አያቆመውማ። ሁሉን በታክሲ ብሄድ በቀን 50 ደቂቃ እከስራለሁ፤ በወር 18 ሰዓት። ቀልድ አይደለም። ይህን ጊዜ በብር ልተምነው ሞከርኩ። ከመኪናዋ የምቆጥበውን ለ18 ሰዓት ሳካፍለው ለአንድ ሰዓት ከ400 ብር በላይ ይወጣል። ደሞዜን በሥራ ሰዓቴ ሳካፍለው ግን ሰዓቴ 136 ብር ነው። መሥሪያ ቤቴ የማይከፍለኝን መኪናዋ ልታስከፍለኝ ነው እንዴ? ሰዓታችሁ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ የራሳችሁ ሥራ ካላችሁና በቀን አራት ቦታ የምትደርሱ ከሆነ፣ መልሱ ይገለበጣል።

የልጁ ጉዳይ በትምህርት ቤት ሰርቪስ ተፈታ። በወር 3,500 ብር። ውድ ነው። ግን ልጁ ወዶታል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፤ ከእኔ ጋር ሲሆን ዝም ብሎ መስኮት ነበር የሚያየው።

ለቤተ ዘመድና ለገበያ 11 ጊዜ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ያዝን። ፋሲካ ሲደርስ ደመርኩት። ታክሲና ባቡር 2,900፣ ሰርቪስ የሁለት ወር 7,000፣ በስልክ የተጠራው 5,280። ለ55 ቀኑ 15,180 ብር። ወደ ወር ስመልሰው 8,280። መኪናዋ በአዲሱ የቤንዚን ዋጋ በወር ከ16 ሺህ በላይ ልትወስድ ነበር። ግማሹ ማለት ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ጾም ለእንዲህ ዓይነት ሙከራ ትንሽ ያዳላል። በጾም ሠርግ የለም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሦስት ሳምንት አራት ሠርግ ተጠራን፤ የዚያ ወር ወጪያችን 12 ሺህ ገባ። ስለዚህ የእኔ ትክክለኛ ቁጥር ከ8 እስከ 12 ሺህ ነው በሉ።

አንድ ሌሊት ግን ሊያሸንፈኝ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ልጁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትኩሳት ጣለው። ዓይኑ ይገለበጣል። መኪናዋ ታች ቆማለች፤ ባለቤቴ ቁልፉን ይዞ ሮጠ። ጾም ምናምን የሚባል ነገር የለም በዚያ ሰዓት። ቁልፉን ሲያዞረው ቲክ ቲክ ብቻ። ባትሪው ወድቋል። ከወር በላይ ቆማ አንድም ቀን አላስነሳናትም ነበር። በስልክ ታክሲ ብንጠራ ሾፌሩ "25 ደቂቃ ይፈጅብኛል" አለን። በመጨረሻ ያዳነን ጎረቤታችን ነው። ፒጃማውን እንደለበሰ ወጥቶ በራሱ መኪና ወሰደን። ልጁ ደህና ነው። ያን ሌሊት ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ "መኪናዬን አልሸጥም" ብዬ ነበር።

ጠዋት ሲነጋ ሌላ ነገር አሰብኩ። ያን ሌሊት መኪና ነበረን እኮ። 178 ሺህ የምታስወጣ መኪና በራችን ላይ ቆማ ነበር፤ ያደረሰን ግን ሰው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ማታ ማታ ታክሲውን ግቢያችን የሚያሳድር አንድ ሾፌር አለ። ሄጄ አነጋገርኩት። ሌሊት ከተፈለገ ስልኩን ያነሳል፤ እኛ ደግሞ የኮንትራት ዋጋውን ሳንከራከር እንከፍለዋለን። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ጠርተነዋል። ሁለቱንም ጊዜ ሸሚዙን እየቆለፈ ነው የመጣው። መኪና ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ሰው ፈልጉት። ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው።

ለፋሲካ እማዬ ዘንድ ደብረ ብርሃን የሄድነው ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍረን ነው። ሦስታችንም ተኛን። እየነዳሁ ሄጄ ቢሆን እኔ አልተኛም ነበር። እማዬ ግን ከመናኸሪያ በባጃጅ ስንደርስ በሩ ላይ ቆማ ከኋላችን መኪናዋን ፈለገቻት። "ተበላሸች?" አለች። "አይ እማዬ፣ እየጾመች ነው" አልኳት። አልሳቀችም። ልጇ ባለ መኪና መሆኗ ለእሷ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ይሄም ወጪ ነው፤ በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ግን አላውቅም።

የባለቤቴ እህት ይህን ሁሉ ሰምታ "እኔስ ልሽጥ?" አለችኝ። አትሽጪ አልኳት። ሦስት ልጆች አሏት፣ ትምህርት ቤታቸው ሁለት ቦታ ነው፤ መርካቶ ሱቅ አላት፣ ዕቃ ትጭናለች። የሰርቪስ ክፍያው ብቻ ከ10 ሺህ ያልፋል። ደብተር ይዛ ብትደምር መኪናዋ ታዋጣታለች። እኔ ግን አምስት ሰው በሚይዝ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር አያትና ሜክሲኮ የምመላለሰው። ልዩነታችን ያ ነው።

ጎረቤታችን ደግሞ፣ ያ ፒጃማ ለባሹ፣ መኪናውን ሸጦ ኤሌክትሪክ ገዛ። ከሦስተኛ ፎቅ ገመድ ጥሎ ነው ቻርጅ የሚያደርገው፤ ልጆች ገመዱን እንዳይነኩት ሚስቱ መስኮት ላይ ትቀመጣለች። ለቤንዚን ያወጣ የነበረውን ሲያስብ ደስ ይለዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ጠዋት ባቡር ላይ እናገኘዋለን።

በሽያጩ ብር የኮንዶሚኒየሙን ቀሪ የባንክ ዕዳ ዘጋን። የተረፈው በጊዜ ገደብ ተቀምጧል።

የገዛት አንድ ወጣት ነው። በቅርቡ ያገባ፣ ፊቱ ላይ ደስታ ያለው ልጅ። ውልና ማስረጃ ተፈራርመን ስንወጣ ሊብሬውንና ሁለቱን ቁልፎች ሰጠሁት። ከዚያ ደብተሩ ትዝ አለኝ። ከዳሽቦርዱ መሳቢያ አውጥቼ "ይሄ የእሷ ነው፣ ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ፣ አሞርዛተሯ የት እንደተገዛ" አልኩት። ገለጠው። ሁለት ሦስት ገጽ አየ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ድምር ያየው ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆየበት። ከዚያ ዘጋውና ወደነበረበት መለሰው።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ እትዬ" አለኝ። "በሊትር ስንት ትሄዳለች?"

"11 ተኩል" አልኩት።